ከኮሌታ ሥር የተሰፋ ቃል

ልብስ ልገዛ በገባሁ ቁጥር የማልተወው አንድ አመል አለኝ፤ መጀመሪያ ኮሌታውን ገልብጬ ውስጡን አነባለሁ። ሻጮች ቁጥሩን የምመለከት ይመስላቸዋል። «እህቴ፣ ልክሽ ነው፤ እኛ ዓይተን ነው የምንለካው» ይሉኛል። እኔ ግን የምፈልገው ቁጥር አይደለም፤ ስድብ ነው። ሰው አንገቱ ሥር ስድብ ተሸክሞ፣ ሳያውቀው ከተማውን ሙሉ ሊዞር እንደሚችል አሳምሬ አውቃለሁ። አንድ ሰሞን ስድቡን የምሰፋው እኔው ነበርኩና።

ይህ የሆነው ሐርጌሳ ነው፤ ከተማዋ ከጦርነት ፍርስራሽ ትነሳ በነበረበት ዘመን። ጠዋት አዛን ይቀሰቅሰናል፤ ከአዛን ቀጥሎ መዶሻ። ግድግዳ የተረፈለት ሰው ቆርቆሮ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ያገኘ ሰው ግድግዳ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ያለው ደግሞ ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ይጠብቃል። ከስደተኛ ካምፕ የሚመለስ አለ፣ ከለንደን የሚመለስ አለ፣ ከድሬዳዋ የሚመለስ አለ። ሁሉም ታዲያ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ የተጨማደደ ልብስ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ የምንኖረው በዚያ ጭምድድ ነበር።

«እኛ» ስል እትዬ ሰዓዳን፣ አብዲንና እኔን ማለቴ ነው። እትዬ ሰዓዳ የእናቴ አክስት ልጅ ናት፤ የኮምቦልቻ ሰው። ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ላውንደሪ ከፍታለች። አብዲ በካውያ ይተኩሳል፣ ልብስም ያደርሳል። ቤተሰቦቹ የሐርጌሳ ሰዎች ሲሆኑ እሱ ያደገው ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ሹሙንም እኩል «አንተ» ይላል፤ ከ«አንተ» በፊት ደግሞ «አቦ» ይጨምርበታል። ማንም አይቀየመውም ነበር። እኔ ልጁን ለመቀየም ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስቄ ቀርቻለሁ።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት ልብስ ልተኩስ አልነበረም። በጤና ትምህርት ዲግሪ ይዤ፣ ክሊኒክ ውስጥ ልሠራ ነበር። የቀጠሩኝ ሰው ዶክተር ጃማ ናቸው። የሐርጌሳ ተወላጅ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ። ክሊኒኩ በር ነበረው፤ ታፔላ ነበረው፤ ማኅተም ነበረው፤ ሠራተኛም ይኸው መጣሁለት። ያልነበረው ጣሪያ ብቻ ነው። «በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ ዶክተር። የሚቀጥለው ወር መጣና የሚቀጥለውን ወር ቀጠረ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየሄድኩ ሰማዩን በክሊኒኩ ግድግዳዎች መሀል አይቼ እመለስ ነበር። በትርፍ ጊዜዬ እትዬ ሰዓዳን አግዛለሁ እል ነበር፤ ነገር ግን ጊዜዬ በሙሉ ትርፍ ነበር።

ጣሪያ ከምጠብቅ ለምን አልማርም አልኩ። ካምፓላ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ለማስተርስ ተማሪ ይቀበላል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የመግቢያ ፈተና ማለፍና ከቀጠረሽ ሰው በታሸገ ፖስታ የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት። ፈተናው ሐርጌሳ ውስጥ በዓመት አንድ ቀን ይሰጣል። ሁለቴ የወደቀ ሦስተኛ አይቀመጥም። እኔ ደግሞ አንዴ ወድቄያለሁ።

የጣለኝ ሒሳቡ አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ቃል ነው። እኔ እስከዚያ ቀን እንግሊዝኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከተሰጡኝ ዐሥር ቃላት ዘጠኙን በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም፤ ዐሥረኛውን አውቀዋለሁ ብዬ የተሳሳትኩት እሱን ነው። ቤት ገብቼ ሳለቅስ እትዬ ሰዓዳ «አብሽሪ፣ ቃል ነው እንጂ ሰው አልሞተብሽ» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ቃሉ ግን ለምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለሁለተኛው ሙከራ አብዲ ከአንድ የለንደን ተመላሽ መጽሐፍ አመጣልኝ። ለዚሁ ዓይነት ፈተና መዘጋጃ የተጻፈ፣ ጡብ የሚያህል ነው። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች የሉም። መጨረሻው ላይ የቃላት ዝርዝር አለ፤ ሺህ ከምናምን ቃል። የቀድሞው ባለቤት እስከ «ሲ» ፊደል ድረስ በእርሳስ አስምሮ እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጧል። እኔም መጀመሪያ ላይ ከእሱ አልተሻልኩም። ቃላቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ የካውያው እንፋሎት አረገፋቸው። እየተኮስኩ ጮክ ብዬ ላጥና አልኩ፤ ገና «ኤ»ን ሳልጨርስ የአንድ ሼኽ ጀለቢያ ጀርባው ላይ ካውያዋን የምታህል ቀዳዳ ወጣለት። እትዬ ሰዓዳ ካውያውን ከእጄ ወሰደችና መርፌና ክር ሰጠችኝ። ቁልፍ እተክል ጀመር።

አንድ ቀን ቁልፍ እየተከልኩ እትዬ ሰዓዳን አየኋት። ከታጠበ ልብስ ክምር ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ታነሳለች፤ «የዚያ የባለጥርሱ» ትላለች። ሌላ ነጭ ሸሚዝ ታነሳለች፤ «ምራቷን የምታማዋ ሴትዮ ባል»። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ሸሚዝ። ቁጥር የለ፣ ምልክት የለ። እትዬ ሰዓዳ ከቁርኣን በቀር ፊደል አልቆጠረችም።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ልብስ እንዴት አይጠፋብሽም?» አልኳት።

«ልብሱን መች አስታውሳለሁ? ሰውየውን ነው እንጂ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ያ ሁሉ ወራት የደከምኩት ቃሉን ለብቻው ልይዝ ነበር። ቃሉን ሰው ባለብሰውስ?

በማግስቱ ከአሮጌ ጥምጥም ላይ ጣት የሚያህሉ ቁራጮች ቀደድኩ። በማይለቅ ቀለም እያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጠባዩን የሚመስል ቃል እየመረጥኩ ኮሌታው ሥር በአንድ ስፌት እይዝለት ጀመር። ለእትዬ ሰዓዳ «ልብስ እንዳይጠፋ ምልክት ነው» አልኳት። እሷ ልብስ ጠፍቶባት ስለማያውቅ አልገባትም፤ ግን ተወችኝ። ልብሱ ለባለቤቱ ሊመለስ ሲል አብዲ ጨርቁን በጥሶ ያስቀምጣል። ውሉ ይህ ነበር።

በአላህ ስም እነግራችኋለሁ፣ ሠራ! አዴር ፋራህ የሚባሉ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን፤ «አዴር» አጎት እንደማለት ነው። የሱሪያቸው መስመር በግራ በኩል ጠሟል ብለው ሦስቴ ይመልሱታል፤ ሦስቱንም ጊዜ በሜትር ለክተን እናሳያቸዋለን፤ ሜትሩ ነው የጠመመው ይላሉ። ለእሳቸው «ኦብስቲኔት» የሚለውን ሰጠኋቸው፤ ግትር ማለት ነው። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ነበረች፤ ልብሷን ሳታስረክበን መቼ ይደርሳል ብላ የምትጮህ። ለእሷ «ኢምፔቹየስ»፤ ችኩል። አያሃ ከሚባለው ሰፈር በእግሩ የሚመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ለግንባታው ድንጋይ የሚሸከም። ሐሙስ ሐሙስ ያችኑ አንድ ሸሚዙን ለጁምዓ ያሳጥባል፤ እስክትደርቅ በሽርጥ ሆኖ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል፤ ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣውም። ለእሱ «ታሲተርን»፤ ዝምተኛ። አብዲ ሥራ ሲበዛ ሽንት ቤት ስለሚጠፋ ለራሱ ሸሚዝ «ኢንዶለንት» ሰፋሁለት፤ ሰነፍ ማለት ነው፤ እሱን ግን «ሥራ ወዳድ ማለት ነው» አልኩት። አመነኝ።

ዶክተር ጃማ ረቡዕ ረቡዕ ነበር የሚመጡት። አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ስላላቸው እስኪተኮስ ድረስ በሽርጥና በካናቴራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወጉናል። እንደዚያ የሚያወራ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ስለ ክሊኒኩ ጣሪያ ተዳፋት ብቻ አንድ ረቡዕ ሙሉ ነግረውናል። ስለ አዲስ አበባ የተማሪ ቤት ሾርባ ሁለት ረቡዕ። አንዴማ አብዲ እሳቸውን እየሰማ ካውያው ውስጥ ያለው ከሰል አመድ ሆነ፤ እንደገና እስኪያያዝ ሌላ ወሬ ጀመሩልን። ለእሳቸው ቃል መፈለግ አላስቸገረኝም፤ «ጋሩለስ»። የድጋፍ ደብዳቤዬን ስጠይቃቸውም «ሦስት ገጽ እጽፍልሻለሁ፤ ባይበቃ አራት» ብለውኛል። ከእሳቸው ሌላ የቀጠረኝ ሰው ስለሌለ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ የሚችልም ሌላ ሰው አልነበረም።

ጥፋቱ የጀመረው አብዲ የአዴር ፋራህን ጨርቅ መበጠስ የረሳ ዕለት ነው። እንግሊዝኛ የምትማር ልጃቸው አይታው፣ ማንበቡን ብትችልም መተርጎም አቅቷት ሰውየው ኮታቸውን ይዘው መጡ። አብዲ ጨርቁን ተቀብሎ እንደ ዳኛ አገላብጦ አየውና በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረ። የሽማግሌው ፊት በራ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት በአማርኛ።

«እንደ ተራራ የማይነቃነቅ ሰው ማለት ነው አልኩት። አቦ አንቺ ዝም በይ ብቻ!»

አዴር ፋራህ ተናገሩ፤ አብዲ ተረጎመልኝ። «በሕይወቴ ይህን የነገረኝ የለም፤ ሚስቴ ስለዚሁ ነገር ስታነሳ ሌላ ቃል ነው የምትጠቀመው» ነበር ያሉት። ከዚያ በሌሎቹም ልብሶቻቸው ሁሉ ላይ እንድሰፋላቸው አዘዙ።

በሳምንቱ ጉድ ፈላ። የሐበሻዋ ላውንደሪ ለሰው በእንግሊዝኛ ማዕረግ ትሰጣለች ተባለ። ልብሱ ያልቆሸሸ ሰው ሁሉ ልብስ ይዞ መጣ። አንዱ የጎረቤቱ ይበልጣል ብሎ እንድንለውጥለት ይጠይቃል። አንዱ ለአማቹ የተሻለ ቃል ይመርጣል። የመሐመድ ሞጌዋ ሴት አብዲ «እንደ ነፋስ ፈጣን» ብሎ ስለተረጎመላት፣ ሄዳ የሱቋ ታፔላ ላይ «ኢምፔቹየስ» ብላ አስጻፈችው። ከአያሃው ሰው በቀር እውነተኛውን ትርጉም የሰማ የለም። እሱን ልዋሸው አንጀቴ አልቻለም፤ «ዝምተኛ ማለት ነው በለው» አልኩት አብዲን። ሰውየው ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀና ምንም አላለም።

ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቃላቱ በየመንገዱ ሲሄዱ አያቸዋለሁ። ገበያ ስወጣ ክለሳ ነው፤ ሰላምታ ስሰጥ ክለሳ ነው። ከዝርዝሩ ግማሹን ያህል እጄ አስገባሁ። ለቁርስ ምን እንደበላሁ እየረሳሁ ስንት ሰው ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስታውስ ነበር።

ከፈተናው በፊት ያለው ረቡዕ ደረሰ። ዶክተር ጃማ ስለ ክሊኒኩ ጣሪያ ከውጭ አገር እንግዶች ጋር ስብሰባ ነበረባቸው፤ ኮታቸው ለዚያ ነው የሚተኮሰው። እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ የእሳቸውን ጨርቅ ሁልጊዜ በራሴ እጅ ነበር የምበጥሰው። ያን ቀን ግን መጽሐፉ ላይ አቀርቅሬ ነበር። አብዲ ኮቱን አለበሳቸው፤ እያወሩ ወጡ።

የሆነውን በኋላ ሰማን። ዶክተር የጣሪያውን ንድፍ ለማሳየት ለእንግዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ ይስላሉ። የእኔ አንድ ስፌት ላላችና ጨርቋ ከኮሌታው ሥር ወጥታ ማጅራታቸው ላይ ተንጠለጠለች። እንግዶቹ አነበቡ። አንዱ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላው። ዶክተር ጨዋታቸው የተወደደላቸው መስሏቸው ንግግሩን አስረዘሙት። ባስረዘሙት መጠን ሳቁ ባሰ። በመጨረሻ አንዲት እንግዳ አዝና ተነሳችና ጨርቋን በጥሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር በተሰበሰበበት ሰዓት ዶክተር ጃማ መጡ። ወንበር ሳብንላቸው፤ አልተቀመጡም። ጨርቋን የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አኖሯት።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

ሦስት ቃል። ከዶክተር አፍ ሦስት ቃል ወጥቶ ዝም ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው። አብዲ ካውያውን በጣም ያየው ጀመር። ሦስቱ ገጽ፣ ካምፓላ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሰማይ፣ ሁሉም ባንዴ መጡብኝ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ሰዓዳ።

ዶክተር ዞረው አዩዋት። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ። አንቱን ማክበሬ ነው።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ።»

እትዬ ሰዓዳ ጨርቋን አነሳች። ገልብጣ ያዘቻት። ከዓይኗ ራቅ አድርጋ፣ ጣቷን እንደ ቁርኣን ከቀኝ ወደ ግራ እየሰደደች ቀስ ብላ አነበበች፤ «ዶክተር ጃማ… ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይላል።» ጣቷን መለሰችና «አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ይላል ደግሞ» አለች።

«ይህ ሁሉ በአንድ ቃል?»

«እንግሊዝኛ አይደል፣ ዶክተር? አሳጥሮ ነው የሚጽፈው።»

ፊደል የማታውቅ ሴት ለእኔ ብላ ስታነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። «እኔ ነኝ ዶክተር» አልኩ። «የጻፍኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ለፈተናው ላጠና ብዬ ነው። እሷ ምንም አታውቅም።»

«ትርጉሙን ንገሪኝ።»

«እርስዎ ያውቁታል እኮ…»

«ማወቄን አልጠየቅሁሽም። ፊቴን እያየሽ ንገሪኝ።»

«ወሬ የሚያበዛ ሰው… ማለት ነው።»

«የቀረውስ?»

መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ ያውቁታል ማለት ነው። «በማይረባ ነገር ላይ» አልኩ።

ዶክተር ጨርቋን ከእትዬ ሰዓዳ እጅ ተቀበሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ በዚህ ከተማ ስሜ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ዶክተር ጃማ።»

«ጃማ ራዲዮ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ። እናቴ፣ አላህ ይማራት፣ ራዲዮ እያለች ነበር ለምሳ የምትጠራኝ። እዚህ አገር ያነከሰውን አንካሳው ይሉታል፣ ጥርሱ የወጣውን ባለጥርሱ ይሉታል፤ ግን ፊት ለፊት ነው፣ እሱም ዞሮ አቤት ይላል። አንቺ ከጀርባዬ ሰፋሽብኝ። እኔን ያሳዘነኝ ቃሉ አይደለም። እንግዳ ሲያነበው እኔ አለማየቴ ነው።»

ጨርቋን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ስለ ደብዳቤው አልተናገሩም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

«አቦ፣ ራዲዮን የማያውቀው የለም እኮ!» አለ አብዲ ካውያውን አስቀምጦ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

ያሳፈረኝ የደብዳቤው መቅረት ብቻ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ከድንጋይ ክምር እያወጡ፣ እኔን ባዳዋን እህቴ እያሉ አቅፈው ሲያኖሩኝ፣ እኔ አንገታቸው ሥር እሥቅባቸው ነበር። ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አብዲን አስከትዬ እውነቱን ልናገር ወጣሁ። መጀመሪያ አዴር ፋራህ ዘንድ ሄድን። ቃሉ ግትር ማለት እንደሆነ ነገርናቸው። «አይደለሁም» አሉ። መጽሐፉን አሳየናቸው፤ መጽሐፉ ተሳስቷል አሉ። ልጃቸው አስረዳቻቸው፤ እሷም ተሳስታለች። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት እስኪደርስ ተከራከሩንና ጨርቁን አንመልስም ብለው ሸኙን። ወደ መሐመድ ሞጌዋ ሴት ሄድን። አብዲ «ስለዚያ ቃል…» ብሎ ሲጀምር «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ሂዱ ሥራ አለብኝ!» ብላ ገፍታ አወጣችን። ምኑ እንደገባት ዛሬም አላውቅም። ታፔላው ግን ለዓመታት እዚያው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፈተናው ሄድኩ። ያለ ደብዳቤ ብገባም ባልገባም ያው ነው። የግቢው በር ላይ ስደርስ ዶክተር ጃማ ያችን ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ኮታቸው ሳይተኮስ ነበር። የታሸገ ፖስታ ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ዞረው ሄዱ።

ፖስታው ስስ ነበር። ሦስት ገጽ ያለበት ፖስታ እንዲህ አይሳሳም። ባዶ ይሆን? ወይስ «እንዳትቀበሏት» የሚል አንድ መስመር? ፈታኙ ፖስታውን ሲወስድብኝ እጄ አልለቅም አለ።

ጥያቄው ተሰጠ። የመጀመሪያውን ቃል ሳይ የአንድ ሰው ሽርጥ ታየኝ። ሁለተኛውን ሳይ የአንዲት አማት ነጠላ ጫማ። ሦስተኛው የባለጥርሱ ነው፤ ጥርሱ ሳይቀር መጣልኝ። ገበያው በሙሉ ተሰልፎ በየተራው አቤት ይለኝ ጀመር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ፦ የ«ታሲተርን» ተቃራኒ ምንድን ነው? ከምርጫዎቹ ውስጥ «ጋሩለስ» ተቀምጧል። የአያሃው ሰው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ዶክተር ጃማ በካናቴራ ስለ ሾርባ ሲነግሩት ታየኝ። ሳቅ አመለጠኝ፤ ቀጥሎ እንባ። ፈታኙ መጥቶ «ችግር አለ?» አለኝ። «ዘመዶቼ ናቸው» አልኩት። ሌላ ድምፅ ካሰማሁ እንደሚያስወጣኝ ነገረኝ።

አለፍኩ። የመቀበያው ወረቀት መጣ። የክሊኒኩ ጣሪያ የተመታው እኔ በለቀቅሁበት ሳምንት ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አዲሱ ቆርቆሮ ሲያበራ አየሁት። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ተናደድኩ። እትዬ ሰዓዳ ለመጀመሪያው የትምህርት ቀን ብላ ቀሚሴን በራሷ እጅ ተኩሳ ሻንጣዬ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር።

ካምፓላ የተቀበሉኝ ፕሮፌሰር ፋይሌን ከፍተው ፈገግ አሉ። «ይህን የጻፉት ሰው ቁጥብ መሆን አለባቸው» አሉና ወረቀቱን አዞሩልኝ። ዶክተር ጃማ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ወሬ እንደማበዛ ስለተነገረኝ አሳጥራለሁ። ይህን የነገረችኝ ፊቴን እያየች ነው። ውሰዷት።»

ፕሮፌሰሩ ፊት ላለማልቀስ አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ነው ማጅራቴን የሆነ ነገር የቆረቆረኝ። ወጥቼ እትዬ የተኮሰችልኝን ቀሚስ ኮሌታ ገለበጥኩ። ከአሮጌ ጥምጥም የተቀደደች ቁራጭ ጨርቅ በአንድ ስፌት ተይዛለች። አገላብጬ አየኋት። ምንም አልተጻፈባትም።

ስልክ ቤት ሄጄ ሐርጌሳ ደወልኩ። «እትዬ፣ ጨርቋ ባዶ ናት እኮ» አልኳት።

«ታዲያ እኔ መርፌ እንጂ ጽሕፈት መች አውቃለሁ?» አለችኝ። «አብዲን ጻፍላት ብለው ሰነፍ ሊልሽ ነው፤ ያቺን አንቺ ለሱ የሰፋሽለትን ቃል ትርጉሟን ደርሶባታል። ነጠቅሁት። አንቺው ጻፊበት፣ ልጄ።»

እትዬ ሰዓዳ አኼራ ከሄደች ቆይታለች። በጣም ትናፍቀኛለች። ቀሚሱ አሁን አይበቃኝም፤ ጨርቋ ግን አሁንም ኮሌታው ሥር አለች፣ እንደ ሰፋቻት። የማይለቅ ቀለም ይዤ ፊቷ የተቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። አንዱን ቃል ልጽፍ ስል ሌላው ይመጣል፤ ሌላውን ልጽፍ ስል እጄ ይተዋል። እስካሁን ባዶ ናት። ዶክተር ጃማ ቢያገኟት ኖሮ ይሄኔ ሁለቱንም ገጽ ሞልተው ተጨማሪ ጨርቅ ይጠይቁ ነበር።